የምንሽሩ መርፌ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የኔዓለም ደወለችና «አባባ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ። እኔን አባባ የምትለኝ የክርስትና አባቷ ስለሆንኩ ነው፤ አባዬ ያለችው የወለዳትን፣ አያ ፈንቴን ነው። ቆላ ወርዶ በሰው እርሻ ተጠግቶ ሲኖር ወባ ጣለው አሉ። የተቀበረውም እዚያው ነው። ለቅሶ ልድረስ ብል የዛሬ ጊዜ መንገድ እንደምታውቁት ነው፤ አንድ ቀን ክፍት፣ ሦስት ቀን ዝግ። ደግሞ ሰባ አራት ዓመት ሞልቶኛል፤ ከቀሐ ፒያሳ የምታወጣዋን ዳገት እንኳ ሦስት ጊዜ ሳላርፍ አልጨርሳትም። ስልኩን ዘግቼ ወደ ጓሮ ወጣሁና፣ ለምን እንደሆነ ሳላስበው፣ ከሃያ ዓመት በላይ ቆልፌው የኖርኩትን የቆርቆሮ ክፍል ከፈትኩት። ቁልፉ ዝጎ ስለነበር ዘይት አጠጥቼ ብዙ ታገልኩት። በሩ ሲከፈት የመጣብኝ ሽታ ግን አንድም ቀን ያልተዘጋ ቤት ሽታ ነበር፤ ብረት፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ አመድ። ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሚስቴ ዘውዲቱ በሕይወት ብትኖር «ደግሞ ጀመረህ?» ትለኝ ነበር።

ብረት የጀመርኩት ቸግሮኝ አልነበረም። የሒሳብ መምህር ነበርኩ፤ ደመወዜ ትንሽ ብትሆንም ጎጆዬን ታቆም ነበር። አንድ ክረምት የበራችን ማጠፊያ ተሰበረ፤ ጥገና ቤት ወስጄው ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና ሲሉኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። ተናድጄ አንድ ሞረድና አንድ የብረት መጋዝ፣ ያኔ ሴጌቶ የምንለውን፣ ገዛሁና ራሴ ሠራሁት። ደህና ሞረድ በሰባት ብር ይገኝ ነበር፤ ሴጌቶ ከነምላጩ በአሥር ብር። ማጠፊያው ጠማማ ነበር፤ በሩ ግን ተከፈተ፣ ተዘጋ። እኔ በሠራሁት ነገር በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሳይ ልጅ እንደወለደ ሰው ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወዲያ እጄ አላርፍ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ሌላው ሰው ጤፍና በርበሬ ሲጠይቅ እኔ አሮጌ ብረት የሚሸጡት ዘንድ ተንበርክኬ ብሎን ስመርጥ እውላለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ብረት ጨምቃ የምትይዘውን ሞርሳ ያገኘኋት ከአንድ የሞተ ሜካኒክ ሚስት ነው፤ ጣልያን ትቷት የሄደ፣ ሁለት ጎልማሳ የማያነሳት ሞርሳ ናት። ከአራዳ በፈረስ ጋሪ ጭኜ ሳወርዳት የሰፈር ሰው ከየደጁ ወጥቶ «መምህር፣ ምጣድ ገዛህ ወይ?» እያለ ሳቀብኝ። ከተሰበረ የልብስ ስፌት መኪና እግሩን ፈትቼ፣ በእግር እየረገጡ ብረት የሚያዞሩባት ትንሽ ቶርኖም ሠራሁ። ባለሙያ ቢያያት ይስቅባት ነበር። እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ካኪ ሱሪዬን አውልቄ፣ ከልባሽ ጨርቅ የገዛሁትን ሰማያዊ ቱታ ለብሼ እሷ ላይ ስቀመጥ፣ ንጉሥ ነበርኩ።

ብረት መሞረድ ጉልበት ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። እኔም መስሎኝ ነበር። ሞረድ ወደፊት ሲሄድ እንጂ ሲመለስ እንደማይበላ፣ ሲመለስ ብድግ ካላደረጉት ጥርሱ እንደሚሞት እስካውቅ ሁለት ሞረድ ፈጅቻለሁ። ጥርሱ በብረት ፍቅፋቂ እንዳይደፈን ጠመኔ ይቀባል፤ ያን ያስተማረኝ የለም፣ ኪሴ ውስጥ ከክፍል የመጣ የጠመኔ ስባሪ ስለማይጠፋ አንድ ቀን ሞከርኩት፣ ሠራ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሬዲዮዋን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ፣ የአድማጮች ምርጫ ዘፈን እየሰማሁ፣ ከግቢው በታች ቀሐ ወንዝ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሲጫወቱ እየሰማሁ፣ ለዘመድ መጥረቢያ አጠነክራለሁ፣ ለቤተ ክርስቲያን መቅረዝ እሠራለሁ። ዘውዲቱ ግን ታፍርብኝ ነበር። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው እንዴት እንደሚታይ የምታውቁት ነው። «መምህር ብዬ ያገባሁት ሰው ቀጥቃጭ ሆኖ ቀረ» እያለች ለእህቷ ስታወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዛሬ የብየዳ ቤት ባለቤት መሆን መከበሪያ ነው፤ ያኔ ግን እንግዳ ሲመጣ እጄን በሎሚ አሽቼ ነበር የምገባው።

አያ ፈንቴ ትክል ድንጋይ በምትባል ገጠር የሚኖር ገበሬ ነበር። ማር ይዞ ጎንደር ሲወጣ ከእኛ ቤት ያርፍ ነበር። ልጁን የኔዓለምን ክርስትና ካነሳሁለት ወዲህ አበልጅ ሆነን እንደ ወንድም ነበርን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ፣ ሲናደድ ደግሞ ዝም የሚል ሰው ነበር። በሥራዬ የማያፍርብኝ እሱ ብቻ ነው፤ ቱታዬን ለብሼ ሲያገኘኝ ከጎኔ ቁጭ ብሎ «ሸጋ ነው አበልጄ፣ ሸጋ ነው» እያለ የሠራሁትን ሁሉ በእጁ ያገላብጣል። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ነው፤ ኅዳር ካለፈ በኋላ በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዞ መጣ። ሲፈታው የአባቱ ምንሽር ነው። ቤቱ ስሄድ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ አየው ነበር። መርፌው ከተሰበረ አሥር ዓመት አልፎታል። መርፌ ያልኩት ቃታው ሲሳብ ተወርውሮ የጥይቱን ቂጥ የሚመታውን ቀጭን ብረት ነው። እሱ ከሌለ ጠመንጃ ማለት በትር ነው። ያ ምንሽር እንደማይተኩስ አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

«የኔዓለም በጥር ልትዳር ነው» አለኝ።

«እሰይ! ለማን?»

«ለሸጋ ቤተሰብ። አንድ ነገር ግን ከበደኝ። ልጄ ከቤቴ ስትወጣ የአባቴ ብረት ዝም ሊል ነው? የሰው ጠመንጃ ለምኜ ላስተኩስ?»

«ጎንደር ላይ ጠመንጃ የሚሠራ ጠፍቶ ነው አያ ፈንቴ?»

«አልጠፋም። ግን የሰው እጅ ከሚነካው ያንተ ይሻለኛል። ልጅህም ናት።»

ዘውዲቱ ከበሩ ቆማ ትሰማ ነበር። «አያ ፈንቴ፣ ምነው በር ቢያሠሩት? ምነው ማጭድ ቢያሠሩት? የሰው ነፍስ ያለበትን ነገር ምነው ያስነኩታል?» አለች።

«ለሰርግ ነው'ኮ እመይቴ» አላት እየሳቀ።

እውነቱን ልናገር። ያሸነፈኝ ሰርጉ አልነበረም፤ ልጅቱም አልነበረችም። የተሰበረውን መርፌ መዳፌ ላይ አስቀምጬ ሳየው፣ ይህን እችለዋለሁ ወይስ አልችለውም የሚል ነገር ያዘኝ። እስከዚያ ቀን የሠራሁት ሁሉ ቢጣመምም ይሠራል፤ ይህ ግን ወይ ልክ ነው ወይ ምንም አይደለም። የመጀመሪያውን ከአሮጌ የመኪና ሞላ ቀርጬ አወጣሁት። አግዬ ዘይት ውስጥ ስነክረው እንደ መስታወት ጠነከረ፤ ደስ ብሎኝ ሞርሳው ላይ ስሞክረው እንደ ጠመኔ ተሰበረ። ሁለተኛውን እንዳይሰበር ብዬ አለሰለስኩትና ጎበጠ። ሦስተኛውን ሦስት ቀን ሞረድኩት። አጠንክሬ፣ በአሸዋ ወረቀት እስኪያበራ አሽቼ፣ በጋለ ላሜራ ላይ አስቀመጥኩና ቀለሙን ጠበቅሁ። ብረት ሲግል ቀለም ይቀያይራል፤ መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይመጣል፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ቀለሙ ከጫፍ ወደ ጫፍ ሲሳብ ትንፋሼን ይዤ አየሁት፤ ወይን ጠጁ ላይ ሲደርስ ነከርኩት። አልተሰበረም፣ አልጎበጠም። ምንሽሩ ውስጥ ከትቼ ባዶውን ቃታ ስስበው የወጣው ድምፅ አጭርና ደረቅ ነበር። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያማረው እሱ ነው። ዛሬም ቢሆን ከእሱ የተሻለ አልሠራሁም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ያስታውሰዋል።

ጥር ላይ ሰርጉ ተደገሰ። ዳሱ ከአያ ፈንቴ ቤት እስከ ጎረቤቱ እስከ አድማሱ አጥር ደርሶ ነበር። አድማሱ ራሱ አልነበረም፤ በጋ ስለነበር ከብቱን ይዞ ቆላ ወርዷል። ሚስቱ አስካለ ግን እንደ ቤት ሴት ወዲያ ወዲህ ስትል፣ ወጥ ስታማስል ዋለች። ሙሽራዋ ስትወጣ አያ ፈንቴ ምንሽሩን ወደ ሰማይ አዞረና ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ተራራው መለሰው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሽማግሌዎቹ እያዩት «ይኼ ብረት ዳነ እንዴ?» ተባባሉ። አያ ፈንቴ ከዳር እንደቆምኩ አየኝና በዓይኑ ጠቀሰኝ። እኔም ጠጅ ይዤ እንደ ልጅ ሳቅሁ።

ከዚያ እስከ ሰኔ ያለውን አላውቅም። የማውቀው የነገሩኝን ነው። አያ ፈንቴና አድማሱ እርሻቸው ይዋሰናል። የመጀመሪያው ዝናብ ከባድ ነበርና የድንበሩን ድንጋይ ጎርፍ ወሰደው። አድማሱ ከቆላ ተመልሶ በሬ ጠምዶ ሲያርስ፣ አያ ፈንቴ ሁለት ትልም ገፋህብኝ አለው። ለሦስት ቀን ተጨቃጨቁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አያ ፈንቴ ምንሽሩን ከምሰሶው አውርዶ ድንበሩ ላይ ቆመ። አጠገባቸው ያርስ የነበረ ጎረቤት ሁሉንም አይቷል። አያ ፈንቴ «አንድ እርምጃ ጨምር!» ሲል አድማሱ በሬዎቹን አቁሞ፣ እርፉን ለቆ፣ ባዶ እጁን ፈገግ እያለ ወደ እሱ መጣ። «ተው ፈንቴ፣ ይልቅ እሱን ወደ ምሰሶህ መልሰው» አለው። እንዲህ እያለ ቀረበ። አምስት እርምጃ ሲቀረው ምንሽሩ ተኮሰ።

አገሩ ሁሉ ነገሩን ያወራው በአንድ መንገድ ነው። አድማሱ በሰርጉ ጊዜ ቆላ ነበር፤ ምንሽሩ መዳኑን አልሰማም፤ የሞተ ብረት መስሎት ደረቱን ሰጥቶ ሄደ። እኔም እንዲሁ አመንኩ። የሠራሁት መርፌ ባይኖር ያ ሰው በሬዎቹን ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር።

ለቅሶው ሄድኩ። አልሄድም ብል ዘውዲቱ «አበልጅህ የገደለውን ሰው ሳትቀብር እንዴት ከሰው ትቀመጣለህ?» አለችኝ። ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ። የመዳፌን ጠባሳና በጥፍሬ ሥር የገባውን ጥቁር ነገር ሰው እንዳያይብኝ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ደበቅሁ። የአድማሱ እህት ደረቷን እየመታች ሙሾ ታወርድ ነበር፦

«አሥር ዓመት ሙሉ ሞቶ የከረመ ብረት፣
ምን ያለው ባለ እጅ ነው ነፍስ የዘራበት?»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ደጋግመው አሉት። አስካለ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላ ወደ ወንዶቹ ታይ ነበር። ተነስቼ «እኔ ነኝ» ልል አስቤ ነበር። ጉልበቴን ሁለት ጊዜ አዘጋጅቼዋለሁ። አልተነሳሁም። ንፍሮ ሲመጣ እንኳ እጄን ላለማውጣት ጾም ነኝ አልኩ።

ከሳምንት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ አያ ፈንቴ የጓሮ በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት። ያ ረጅም ሰው ጎብጧል። ምንሽሩን በጆንያ ጠቅልሎ ይዞታል።

«አበልጄ፣ ይህን ውሰድና ቆራርጥልኝ» አለኝ። «ማንም እንዳያነሳው።»

«ለመንግሥት እጅህን ስጥ አያ ፈንቴ» አልኩት። በሩን በእጄ ይዤ ነበር፤ እንዲገባ አልፈቀድኩለትም።

«ልገድለው አልነበረም። ላስፈራራው ነው። እጄ አሥር ዓመት የለመደው ቀጭ ብሎ ዝም ሲል ነው። ቃታውን ስስብ ዝም የሚል መሰለኝ። ታምነኛለህ?»

ሰርጉ ላይ ሦስት ጊዜ የተኮሰ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል? ግን ፊቱን ሳየው እውነቱን መሰለኝ። ደግሞ አልመሰለኝም። ከውስጥ ዘውዲቱ «ማነው?» ስትል ደነገጥኩና «ሂድ፣ ቤቴ ልጆች አሉ» አልኩት። ጆንያውን እንደያዘ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደ። ዳግመኛ አላየሁትም። ቆላ መግባቱን ሰማን። ሽማግሌዎች ሁለት ዓመት ደክመው ደሙን አደረቁት፤ የፈንቴ ዘር በሕይወት ይኑር፣ ፈንቴ ግን አገሩን አይርገጥ ተባለ። የየኔዓለም ባል ቤተሰቦች ደም ያለበት ቤት ልጅ አንፈልግም ብለው መልሰዋት ስለነበር እኛ ቤት አንድ ዓመት ተቀመጠች። ጠዋት ጠዋት ቁርሴን ስታቀርብልኝ ቀና ብዬ ላያት አልችልም ነበር። አባቷ የሸሸው፣ ትዳሯ የፈረሰው በእኔ እጅ ሥራ ነው እያልኩ ዳቦውን ሳላላምጥ እውጣለሁ። ክፍሉን የቆለፍኩት ያኔ ነው። ሞርሳዋ፣ ቶርኖዋ፣ ሞረዶቹ በተቀመጡበት ቀሩ። የሰፈር ሰው «ምነው መምህር፣ ብረቱን ተውከው?» ሲለኝ ዓይኔ ደከመ እላለሁ። ዘውዲቱ ምክንያቱን ሳትጠይቀኝ ሞተች፤ እሷም እኔም እናውቀው ነበር።

አስካለ ጎንደር እንደገባች ከብዙ ዓመት በፊት ሰምቻለሁ። ልጆቿን ይዛ መጥታ፣ ከቅዳሜ ገበያ በላይ በአንዲት ጠባብ ግቢ በርበሬ እያዘጋጀች ትሸጣለች። መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሩቅ አይቻት በሌላ በኩል ዞሬያለሁ። ባለፈው ረቡዕ ግን፣ አያ ፈንቴ መሞቱን በሰማሁ ማግስት፣ ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። ዜናውን ልንገራት ነው ብዬ ነበር ለራሴ ያልኩት። ግቢው በር ላይ ስደርስ አስካለ ወንፊት ላይ በርበሬ ትቀነጥሳለች። አርጅታለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነው።

«መምህር» አለች፤ አልተነሳችም። «ይግቡ፤ ያቺን ዱካ ይሳቡ።»

ተቀመጥኩ። «ፈንቴ አርፏል» አልኳት።

የያዘችውን በርበሬ ወንፊቱ ላይ መለሰችው። «ካህን ነበረበት?» አለች።

«አላውቅም። ቆላ ነው የሞተው።»

«ነፍስ ይማር» አለች። ከዚያ መቀንጠሷን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ተናገርኩት። መርፌውን የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ለቅሶው ላይ እጄን ደብቄ እንደተቀመጥኩ፣ ይህን ሁሉ ዓመት መንገድ እየቀየርኩ እንደሸሸኋት። እሷ ግን ራሷን አላነሳችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ሁላችንም እናውቅ ነበር። ፈንቴ በሰርጉ ዕለት ጠጁን ጠጥቶ ‹አበልጄ አዳነልኝ› እያለ ለሰው ሁሉ ሲያወራ ነው የዋለው። ለቅሶው ላይ እርስዎን ነበር የማየው። ይነሱ ይሆናል ብዬ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«ምን እንበልዎ? የሚነሳ ሰው ራሱ ይነሳል እንጂ።»

ወንፊቱን አንቀጠቀጠችው፤ ፍሬው ወደ ታች ወረደ። እኔን ሳታይ፣ «አድማሱም ያውቅ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ምንሽሩ እንደሚተኩስ። ከቆላ የተመለሰ ዕለት ራሴ ነግሬዋለሁ፤ ‹ሰርጉ ላይ ሦስት ጊዜ ተኮሰበት፣ ተራራው አስተጋባ› ብዬ። እንዲያውም ‹እንኳን ዳነለት፣ የአባቱ ነው› አለ። ያን ቀን ጠዋት ፈንቴ ይዞት ሲወጣ አይቼ ‹አትሂድ› ብዬው ነበር። ‹ፈንቴ እኔ ላይ? አብረን ከብት ጠብቀን ያደግን?› ብሎኝ ሄደ። ሰው የሞተ ብረት መስሎት ነው አለ። ዝም አልኩ። ሳያውቅ ሞተ ይባል። አምኖ ሞተ ከሚባል ያ ይሻለዋል፤ ሞኝ ነበር ይሉብኛል።»

ሃያ ምናምን ዓመት የተሸከምኩት ነገር በአንድ ጊዜ ቅርጹን ቀየረብኝ፤ ክብደቱ ግን አልቀነሰም። ይቅር በይኝ ማለት ፈልጌ «አስካለ» ብቻ ብዬ ቀረሁ።

«የብረቱን ሥራ ትተዋል አሉ» አለችኝ።

«ከዚያ ዓመት ወዲህ ብረት ነክቼ አላውቅም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓይኔን አየችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ የደከማት ሴት ናት።

«መተውዎ ለእኔ ምን ይሠራልኛል መምህር?» አለች። «ልጆቼን ይዤ እዚህ ከተማ ስገባ በር የሚያቆምልኝ ሰው አጥቼ በጆንያ ጋርጄ ነው ሁለት ክረምት ያሳለፍኩት። ብረቱን ከሚተዉ መጥተው አብረውኝ ቢያለቅሱ ይሻል ነበር።»